ኮዱን የሚጠይቅ ድምፅ

ደዋዩ ትሑት ነው። «እንደምን ዋሉ እናቴ፣ ከቴሌ ነው የምንደውልልዎ» ብሎ ይጀምራል። ስምዎን ያውቃል፤ አንዳንዴም የሚኖሩበትን ሰፈር ይጠራል። ሽልማት ደርሶዎታል ይላል፤ ካልሆነ መስመርዎ ሊዘጋ ነው፤ ካልሆነም የፋይዳ መታወቂያዎ ከስልክዎ ጋር አልተገናኘም። ሰበቡ በየጊዜው ይለዋወጣል። ያ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያወራለት፣ «እኔንስ አምልጦኝ ይሆን?» የሚያሰኝ ጉዳይ ይመረጣል። ቀጥሎ፣ «አሁን አጭር መልእክት ይገባልዎታል፤ ውስጡ ያለውን ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ» ይላል። መልእክቱ እውነትም ይገባል። የላከውም እውነተኛው ድርጅት ነው። ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሌባው በራሱ ስልክ ላይ የቴሌብር፣ የባንክ ወይም የቴሌግራም አፕ ከፍቶ የእርስዎን ስልክ ቁጥር አስገብቷል። አፑ ደግሞ የሚያስገባው ሰው የቁጥሩ ባለቤት መሆኑን ለማጣራት የማረጋገጫ ኮድ ወደ እርስዎ ይልካል። ብዙ ሰው ኦቲፒ የሚለው ይህንኑ ነው። ኮዱ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ ሌባው ያጣድፋል፤ «ቶሎ ይበሉ፣ ሊያልፍብዎ ነው» ይላል። ያንን ቁጥር ያነበበለት ሰው አካውንቱን በፈቃዱ አስረከበ ማለት ነው። በፊልም እንደምናየው በኮምፒዩተር ሰብሮ የገባ ማንም የለም።

ስሜን ካወቀ እውነተኛ ነው የሚለው ግምት ብዙ ሰው ጎድቷል። ገንዘብ ለመላክ ቁጥር ሲያስገቡ የተቀባዩ ስም እንደሚመጣ ያስታውሱ። ስሙን ለማወቅ የሚያስፈልገው ይኸው ብቻ ነው። የእድሩ አባላት ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጥፎ ከሆነም ሰፈሩን ለማወቅ ብዙ መድከም የለበትም።

«ኮድ ለማንም አትንገሩ» የሚለው ማሳሰቢያ በየባንኩ መልእክት ይደርሰናል። ግን አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ሰው ባንክ ቅርንጫፍ ሄዶ በፋይዳ ሒሳብ ሲከፍት ስልኩ ላይ ኮድ ይገባለትና መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ እንዲነግረው ይጠይቀዋል። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ ሌባው የሚጠቀመው ግን እዚያ የለመድነውን ልማድ ነው። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚነገረው መመሪያ «ለማንም» ከሚለው ትንሽ ቢስተካከል ይሻላል። እኔ በራሴ እግር ሄጄ፣ ሠራተኛው ፊት ተቀምጬ፣ ራሴ የጠየቅሁት አገልግሎት ከሆነ ኮዱ የዚያ ጉዳይ ነው። እነሱ ደውለውልኝ ከሆነ ግን ደዋዩ ማንም ይሁን ማን አልነግርም፤ ስልኩን ዘግቼ እኔው በማውቀው ቁጥር መልሼ እደውላለሁ። ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951 ነው። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ ከማንኛውም አፕ ይልቅ ለአያቶች ይጠቅማል።

ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት የሚጻፉት ምክሮች አብዛኞቹ አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ የይለፍ ቃል ብለው የሚያስቡ ናቸው። የእኛ ቤት እንዲያ አይደለም። በእናት ስልክ ቀን ቀን ልጆች ካርቱን ያዩበታል፤ ማታ አባት ገንዘብ ይልክበታል። ሲም ካርዱ የወጣው ከዓመታት በፊት ወደ ዱባይ በሄደችው ልጅ ስም ነው። የቴሌብሩን የሚስጥር ቁጥር የቤት ሠራተኛዋም ታውቀዋለች፤ ምክንያቱም መልእክቱን የምታነብላቸው እሷ ናት። እንዲህ ባለ ቤት አንዱ ብቻ ቢጠነቀቅ ምንም አይፈይድም። ጥንቃቄው የሚሠራው ቤተሰቡ ተቀምጦ ከተስማማበት ነው፤ እዚህ የምጽፈውም ምን ላይ መስማማት እንደሚያስፈልግ ነው።

ያልገባ ገንዘብ

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች አሉት። ኤም-ፔሳም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ገብቷል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ገንዘባችን ከኪስ ወደ ስልክ ሲገባ፣ የኪስ ሌባውም ተከትሎ ገባ።

በብዛት የሚሰማው ዘዴ የተሳሳተ ገንዘብ ነው። አንድ መልእክት ይደርሳል፤ አጻጻፉ የቴሌብርን ደረሰኝ ይመስላል፤ 3,000 ብር ገብቶልዎታል ይላል። ወዲያው ስልክ ይደወላል። «አባቴ፣ በስህተት ወደ እርስዎ ላክሁት፤ ልጄ ሆስፒታል ነው ያለው፤ በእግዚአብሔር ይመልሱልኝ።» ደግ ሰው ይደነግጣል፤ ከራሱ ገንዘብ 3,000 ብር ይልካል። የመጣው መልእክት ግን ከተራ የሞባይል ቁጥር የተላከ ጽሑፍ ነበር። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከዚያ በላይ የሚያስተማምነው ግን መልእክቱን ማንበብ ሳይሆን *127# ደውሎ ወይም አፑን ከፍቶ ቀሪ ሒሳብን ማየት ነው። ሒሳቡ ካልጨመረ የገባ ገንዘብ የለም። ባለሱቅ ለሆነ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ደንበኛው የሚያሳየው ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም።

ገንዘቡ እውነትም ገብቶ ቢገኝስ? ያኔም በራስ እጅ መልሶ መላክ አይመከርም። ገንዘቡ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የእርስዎ ስም በመካከል ይገባል። «ለ127 አመልክት፣ እነሱ ሲጠይቁኝ እስማማለሁ» ማለት ይበቃል። እውነተኛ ተሳሳች ይህን ሲሰማ ቅር ቢለውም ይረዳል። ሌባው ግን መሳደብ ይጀምራል።

ሌላው ዘዴ ብዙም ስለማይነገርለት እዚህ ላይ ቆም ልበል። ደዋዩ ኮድ አይጠይቅም። «ኔትወርክዎን ለማስተካከል ይህን ይደውሉ» ብሎ በ*21* የሚጀምርና በ# የሚያልቅ ቁጥር ያስጽፋል። ይህ ጥሪን ወደ ሌላ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው፤ በመካከሉ ያለው የሌባው ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ለእርስዎ የሚደወለው ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። እንደ ዋትስአፕ ያሉ አፖች የማረጋገጫ ኮዱን በድምፅ ጥሪም ስለሚናገሩ፣ ሌባው እርስዎን ምንም ሳይጠይቅ ኮዱን ይሰማል። ጥሪዎ ዞሮ እንደሆነ ለማወቅ *#21# ይደውሉ፤ ሁሉንም ለመሰረዝ ##002# ይደውሉ። አንድ ጊዜ የእናትና የአባትን ስልክ ተቀብሎ ይህን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሲም ካርዱ በማን ስም ነው?

ባንኩም፣ ቴሌብሩም፣ ቴሌግራሙም፣ ፋይዳውም የሚያውቁን በስልክ ቁጥራችን ነው። ኮዱ የሚላከው ወደዚያ ስለሆነ፣ ሲም ካርድ የቤቱ ሁሉ በር የሚከፈትበት ቁልፍ ሆኗል። ቁልፉ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ስም ነው ያለው። ወንድም ያወጣው፣ ጎረቤት የሰጠው፣ ከውጭ አገር የተመለሰ ዘመድ የተወው ቁጥር በየቤቱ አለ። ስልኩ የተሰረቀ ዕለት መስመሩን ለማዘጋትና ምትክ ሲም ለማውጣት የሚጠየቀው የተመዘገበው ሰው መታወቂያ ነው። ያ ሰው ሪያድ ካለ ገንዘቡ እስኪያልቅ ማየት ነው። ቁጥሩን በተጠቃሚው ስም ማዛወር ሰልፍ ያስቆማል፤ ግን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚፈጽም ሰው ካለ ይህን ቢፈጽም እመርጣለሁ።

ስልክ ነጣቂ ስልኩን ለመክፈት አይደክምም። ሲሙን አውጥቶ በራሱ ስልክ ላይ ይከትና ኮዶቹን ይቀበላል። ይህን የሚከለክለው የሲም ፒን ነው፤ በስልኩ የደኅንነት ማስተካከያ ውስጥ «ሲም ሎክ» የሚለው። ከበራ በኋላ ሲሙ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲገባ ወይም ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ፒን ይጠይቃል። ከመጀመርዎ በፊት የአሁኑን ፒን ማወቅ አለብዎት፤ 3 ጊዜ ከተሳሳቱ ይቆለፍና ፒዩኬ የሚባለውን ረጅም ቁጥር ይጠይቃል። ሲሙ ሲገዛ የተሰጠውን ካርድ ካልጣሉ ሁለቱም እዚያ ላይ ይገኛሉ። መልእክት ሲገባ ይዘቱ በተቆለፈ ስክሪን ላይ እንዳይታይ ማድረግም አይርሱ፤ ካልሆነ ኮዱን ለማየት ስልኩን መክፈት እንኳ አያስፈልግም። *#06# ሲደወል የሚመጣውን 15 አሃዝ ቁጥር ደግሞ ደብተር ላይ ያስፍሩት፤ ስልኩ ከጠፋ ፖሊስ ይጠይቅዎታል።

ማንበብ ለማይችሉ ወይም ዓይናቸው ለደከመ አዛውንት «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» ማለት ምክር አይደለም። የሆነ ሰው ማወቁ አይቀርም። እንግዲያው ገንዘቡን መለየት ይሻላል። በስልኩ ላይ ለሳምንት አስቤዛ የሚበቃ ብቻ ይኑር፤ ጡረታውና ከልጅ የሚላከው ገንዘብ ከስልክ ጋር ያልተገናኘ የባንክ ደብተር ላይ ይቀመጥ። ባለሙያዎች ይህን ኋላ ቀር ይሉት ይሆናል። እኔ ግን የሚጠፋው ገንዘብ ልክ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑን እወደዋለሁ።

ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ቴሌግራምና ኢሞ የከፈቱት በሳዑዲ ወይም በኤምሬትስ ቁጥር ነው። ኮንትራት ሲያልቅ ቁጥሩ ይቀራል፤ ከጊዜ በኋላ ኩባንያው ለሌላ ደንበኛ ይሸጠዋል። አዲሱ ባለቤት በዚያ ቁጥር ቴሌግራም ሲከፍት የሚያገኘው የእሷን አካውንት ነው፤ ከነፎቶውና ከነቤተሰብ ግሩፑ። መፍትሔው ከመሳፈር በፊት በማስተካከያው ውስጥ ቁጥር መቀየሪያውን ተጠቅሞ አካውንቱን ወደ ኢትዮጵያው ቁጥር ማዛወር ነው። አካውንቱ እንዳለ ይዛወራል፤ ምንም አይጠፋም። አሮጌው ቁጥር ገና እየሠራ ሳለ ነው መደረግ ያለበት።

ቴሌግራም

በኢትዮጵያ ቴሌግራም ከመልእክት መላላኪያነት አልፏል። ትምህርት ቤት ውጤት ይለጥፍበታል፤ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይልክበታል፤ ነጋዴ ይሸጥበታል። ስለዚህም በጣም የሚጠለፈው እሱ ነው። ጠለፋው የሚጀምረው ከምናውቀው ሰው ነው። የአክስት ልጅ «ልጄ ለውድድር ቀርባለች፤ እባካችሁ እዚህ ገብታችሁ ድምፅ ስጡልኝ» ብላ ሊንክ ትልካለች። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የገባውን ባለ 5 አሃዝ ኮድ ይጠይቃል። ድምፅ የሰጠን መስሎን አካውንታችንን ሰጠን። ያችም የአክስት ልጅ ሊንኩን አልላከችም፤ የእሷ አካውንት ከእኛ በፊት ተወስዷል።

ከዚያ የሚከተለውን ብዙ ሰው ቀምሶታል። ለሁሉም ዘመድ መልእክት ይላካል። ዋሽንግተን ያለው ወንድም «ቸግሮኛል፣ እስከ ነገ 10,000 ብር ላክልኝ» የሚል ይደርሰዋል፤ የባንክ ቁጥሩ የማያውቀው ሰው ስም ነው። «የጓደኛዬ ሒሳብ ነው፣ የእኔ አይሠራም» ይባላል። ኮድ ለደዋይ ካለመንገር ቀጥሎ ቤተሰብ የሚስማማበት ሁለተኛው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ በጽሑፍ የተጠየቀ ገንዘብ በድምፅ ሳይረጋገጥ አይላክም፤ መደወሉ ደግሞ በቴሌግራም ሳይሆን በመደበኛው ስልክ ነው። አሁን ድምፅንም በኮምፒዩተር አስመስሎ መሥራት ስለተቻለ፣ ጥርጣሬ ካለ ፌስቡክ ላይ የማይገኝ ነገር መጠየቅ ነው። የድሮ ውሻችሁ ስም፣ አባታችሁ ሲቆጡ የሚሉት ነገር። ይህ ጥያቄ ንቀት እንዳልሆነ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ባህላችን «አላመንከኝም እንዴ?» የሚለውን ወቀሳ ይፈራል፤ ሌባውም ይህን ያውቃል።

መከላከያው ቀላል ነው፤ የሚገርመው ያደረገው ሰው ማነሱ ነው። በማስተካከያው ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ በሚለው ሥር ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አለ። እዚያ የራስዎን የይለፍ ቃል ያስቀምጣሉ። ከዚያ ወዲያ ኮዱን ያገኘ ሌባ የይለፍ ቃሉን ካላወቀ አይገባም። ሲያስቀምጡ የመጠባበቂያ ኢሜይል ይጠይቃል፤ አይዝለሉት፤ የይለፍ ቃሉን ሲረሱ የሚያድንዎ እሱ ነው። ዋትስአፕም በስድስት አሃዝ ፒን ተመሳሳይ ነገር አለው።

ዲቫይስስ የሚለውን ደግሞ አልፎ አልፎ ይክፈቱ። አካውንትዎ የተከፈተባቸውን ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይዘረዝራል። ከሁለት ዓመት በፊት የተጠቀሙበት የኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር አሁንም እዚያ ሊገኝ ይችላል። የማያውቁት ካለ ሌሎቹን በሙሉ የሚያስወጣውን ቁልፍ ይጫኑ። አካውንቱ ገና የተጠለፈ ከሆነ ይህ በተለይ ይጠቅማል። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ የቆዩትን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የእርስዎ ናቸው ማለት ነው፤ ሌባውን አስወጥተው የይለፍ ቃል ለማስቀመጥ ጊዜ አለዎት።

ወረቀቶቻችን የት ናቸው?

የፓስፖርት ፎቶ፣ የፋይዳ ካርድ፣ የልጅ የልደት ሰርተፊኬት፣ የቤት ካርታ፤ ሁሉም ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ተቀምጠዋል። ምቹ ነው፤ አካውንቱ የተወሰደ ቀን ግን አብረው ይሄዳሉ።

ፎቶ ኮፒ ቤትም አለ። «በዚህ ቁጥር ላኩልኝ» ይላል፤ እንልካለን፤ ያትማል፤ እንከፍላለን፤ እንሄዳለን። ሰነዱ ግን በሱቁ ቴሌግራምና በኮምፒዩተሩ ውስጥ፣ ከሌሎች የሰፈሩ ሰዎች ሰነድ ጋር ቀርቷል። ባለሱቁ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ኮምፒዩተሩን ግን ማንም ይነካዋል። ከታተመ በኋላ እዚያው ቆመው መልእክቱን ለሁለቱም ወገን ይሰርዙ፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። የወረደውንም ፋይል እንዲያጠፋልዎ ይጠይቁት፤ የሚቀየም ባለሱቅ እስካሁን አልገጠመኝም።

ፋይዳ ላይ ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ምዝገባው የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል፤ ለተመዘገበው ሰው 12 አሃዝ ያለው የማይቀየር ቁጥር ይሰጣል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ ግን አይቀየርም። ካርዱ ላይ የሚታተመው 16 አሃዝ ያለው ሌላ ቁጥር ነው፤ ዋናው እንዳይበተን የተደረገ ነው። ስለዚህ ባለ 12 አሃዙን ለማንም ለጠየቀ መላክ ዓላማውን ያፈርሰዋል። የካርዱን ፎቶ «ደረሰኝ!» ብሎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍም እንዲሁ።

ዲቪ ስንሞላ የኖርንበት መንገድ የዚሁ ዓይነት ነው። ኢንተርኔት ቤቱ ይሞላል፣ የራሱን ኢሜይል ያስገባል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይይዛል። ደርሶ ሲገኝ ባለቤቱ ራሱ ውጤቱን ማየት አይችልም፤ ቁጥሩን ለመስጠት ገንዘብ የጠየቁ ነበሩ። የማረጋገጫ ገጹ ወዲያው ታትሞ ለባለቤቱ መሰጠት ነበረበት። የአሜሪካ መንግሥት ዕጣ የደረሰውን ሰው በኢሜይል እንደማያበሥርም ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ደርሶሃል፣ ይህን ያህል ዶላር ላክ» የሚል ኢሜይል ሁሉ ውሸት ነው።

ስልክ ሲገዛ ሱቁ የከፈተልን ጂሜይልስ? «አንዱ ልጅ ነው የሞላልኝ፣ የይለፍ ቃሉን አላውቀውም» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ፎቶው፣ የስልክ ማውጫው፣ የጎግል መዝገቡ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጅ ከፈለገ ከሱቁ ሆኖ ያየዋል፤ ስልኩ ተበላሽቶ እንደ አዲስ ሲጫን ደግሞ ያንኑ ጂሜይል ይጠይቅና ባለቤቱን ራሱን ያስቀረዋል። የራስዎን ይክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈው ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡት። ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር አይደለም፤ የሩቅ ሌባ ቁም ሣጥንዎን አያይም። በዚሁ አጋጣሚ፣ በቴሌግራም «የባንኩ አዲስ አፕ» እየተባለ የሚላክ ፋይል መጫን የለበትም። የባንክ አፕ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ነው የሚወርደው።

ልጆች

የትንንሽ ልጆች ነገር ብዙ አያስጨንቅም። በአንድሮይድ ስልክ ላይ «አፕ ፒኒንግ» የሚባል አለ፤ ካርቱኑ ከተከፈተ በኋላ ስልኩ በዚያ ላይ ብቻ ይቆለፋል፤ ልጁ ወደ ቴሌብሩም ወደ መልእክቱም አይወጣም። ጎግል ፋሚሊ ሊንክ ደግሞ ልጁ የራሱ ስልክ ካለው የሚጭነውን አፕና የሚያየውን ሰዓት ለወላጅ ያስፈቅዳል። የቲክቶክና የዋትስአፕ ዝቅተኛ ዕድሜ 13 ዓመት መሆኑን ወላጅ ቢያውቅ ጥሩ ነው። «ነፃ ዳይመንድ» እንሰጥሃለን እያሉ የጌም ተጫዋች ልጆችን ስልክ ቁጥርና ኮድ የሚጠይቁ አሉ፤ ልጁ የሚሰጠው የእናቱን ነው። የመጀመሪያ ቀን ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳው ፎቶም ያምራል፤ የትምህርት ቤቱ ስምና አርማ ግን የሚውልበትን ቦታ ለማያውቀው ሁሉ ይናገራል።

አሳሳቢው የጉርምስና ዕድሜ ነው። አንድ «ጓደኛ» በኢንስታግራም ወይም በቴሌግራም ይቀርባል፤ ሳምንታት ይጨዋወታል፤ የራቁት ፎቶ ያስልካል፤ ከዚያ «ገንዘብ ካልላክሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ» ይላል። ወንዶች ልጆችም በዚሁ ይጠመዳሉ። ይህ ወንጀል የሚኖረው በፍርሃት ነው። ልጁ ከሌባው ይልቅ አባቱን ሲፈራ ሌባው አሸንፏል። ስለዚህ ወላጅ ነገሩ ከመድረሱ በፊት በግልጽ ቢናገር ይሻላል፤ «ምንም ብታደርግ፣ ምንም ብትልክ፣ መጥተህ ከነገርከኝ አልመታህም።» ለአንዳንድ አባቶች ይህን ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

ከደረሰ ገንዘብ አይላክ፤ አንዴ የከፈለ ደጋግሞ ይጠየቃል። ጨዋታው አይሰረዝ፤ ማስረጃ ነው። ፎቶው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ፎቶ ከሆነ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ የአሜሪካው የጠፉና የተበዘበዙ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል የሚያንቀሳቅሰው ነው። ፎቶው ከስልኩ ሳይወጣ መለያ ቁጥር ይሠራለትና ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሳሰሉት ያንን ምስል ፈልገው እንዲያነሱ ይደረጋል። ስም አይጠየቅም።

ከተወሰደ በኋላ

የመጀመሪያው ስልክ የሚደወለው ለዘመድ ሳይሆን ለባንኩ ወይም ለ127 ነው። ገንዘቡ ከሌባው ሒሳብ እስኪወጣ ድረስ ማገድ ይቻል ይሆናል፤ ያ ጊዜ ግን አጭር ነው። ስልኩ ራሱ ከተሰረቀ 994 ደውሎ መስመሩን ማዘጋት ይከተላል። ከዚያ ለቤተሰብ ግሩፕ፤ እኔን መስሎ ገንዘብ የሚጠይቅ አለና አትላኩ ብሎ በሌላ ሰው ስልክ ማሳወቅ። አብዛኛው ሰው ይህን የሚዘልለው በእፍረት ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዘመድ የሚታለሉትም በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ለፖሊስ የሚቀርበው የሌባው ቁጥር፣ የገንዘብ ዝውውሩ ቁጥርና ሰዓቱ፣ የመልእክቶቹ ስክሪንሾት፣ ስልኩም ራሱ ነው። በኮምፒዩተር ሥርዓት የሚፈጸም ማታለል፣ ያልተፈቀደ መግባትና ማስፈራራት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጡ ናቸው። «የኢንተርኔት ነገር ነው፣ ምን እናደርጋለን» ለሚል መርማሪ ቁጥሩን መጥቀስ አይጎዳም።

መረጃችንን ያወጣው ሌባ ሳይሆን ያስረከብነው ድርጅት ቢሆንስ? ለዚህ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጁ መሠረት ሰው ስለ ራሱ ምን መረጃ እንደተያዘ መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ማሳረም፣ እንደ ሁኔታውም እንዲሰረዝ ማመልከት ይችላል። አዋጁ ገና አዲስ ነው፤ የጠየቀ ሰው ሲበዛ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። የግል ክሊኒክ ወይም የልጆች ትምህርት ቤት መታወቂያ ኮፒ ሲጠይቅ «ለምንድን ነው የምትፈልጉት? የትስ ነው የሚቀመጠው?» ብሎ መጠየቅ አሁን መብት ነው።

አካውንቱ የተጠለፈበት ሰው ጭንቀቱን ፌስቡክ ላይ ሲጽፍ በደቂቃ ውስጥ «እኛ እናስመልሳለን፣ በውስጥ መስመር አናግሩን» የሚሉ ይሰበሰባሉ። አንዳንዶቹ የምስክር ፎቶ ሳይቀር ያሳያሉ። ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ሲከፈላቸው «ግማሹ ተመልሷል፣ ለቀሪው ጨምር» ይላሉ፤ ሲሰለቻቸው ይጠፋሉ። የተጠለፈ አካውንት የሚመልሰው አፑ ራሱ ነው፤ የተወሰደ ገንዘብ የሚያግደው ባንኩ ነው። ሁለቱም ለዚህ አያስከፍሉም።